ከጎንደር ዕቃ ስትልኩ፦ ፖስታ ቤት፣ አውቶቡስ፣ አውሮፕላን ወይስ መንገደኛ?

ፒያሳ ፖስታ ቤት ነው። ሁለት የጥልፍ ቀሚስ ይዤ ሚዛኑ ፊት ቆሜያለሁ። ጥልፉ እንዳይጨማደድ ደረታቸውን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ መሃል ላይ ነጭ ወረቀት አስገብቼ፣ በካርቶን አሽጌ ነው የመጣሁት። ቤት ስመዝነው 1 ኪሎ ከ980 ግራም ነበር። የፖስታ ቤቱ ሚዛን 2 ኪሎ ከ60 አለ። የጨመረው ስኮቹና ከላይ ያለበስሁት ማዳበሪያ ነው።

80 ግራም ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ወደ ውጭ አገር ሲላክ ብዙ ያደርጋል። እስከ 2 ኪሎ ድረስ ያለው ዕቃ አነስተኛ ጥቅል ተብሎ ከደብዳቤ ወገን ይቆጠራል። ከ2 ኪሎ ሲያልፍ ግን ፓርሰል ይሆናል። ታሪፉም ቅጹም ይለያል። እዚያው መቀስ ተውሼ ካርቶኑን አወለቅሁ። ቀሚሶቹን በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልዬ ድጋሚ አስመዘንሁ። 1 ኪሎ ከ790 ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርቶን የምጠቀመው ለሚሰበር ዕቃ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ሠርታችሁ የምትሸጡ እህቶችና ወንድሞች "በምን ልላክ?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥልፍ የምትጠልፉ፣ መሶብ የምትሰፉ፣ በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጁ፣ ከጎንደር አጠገብ ካለችው ወለቃ ሸክላ አምጥታችሁ የምትሸጡ። መልሱ ለሁላችሁም አንድ አይደለም። መንገዱን የሚመርጠው ዕቃው ነው። እዚህ የታሪፍ ዝርዝር አልጽፍም፤ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በምትልኩበት ቀን መስኮቱ ላይ ጠይቁ። የምጽፈው እንዴት እንደምታወዳድሩ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እናስተካክል

ብዙዎቻችን የመላኪያ ዋጋ የምንለው ደረሰኝ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አንድ ጊዜ ስድስት ነጠላ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ላክሁ። ደረሰኝ አልተሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ረዳቱ ስልኬን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ ደንበኛዬ መናኸሪያ ሄዳ ዕቃ የለም ተባለች። ረዳቱ ስልክ አያነሳም። ሌላ ሰው "እሱ መኪና ቀይሯል" አለኝ። የደንበኛዬን ገንዘብ መለስሁላት። ነጠላዎቹን የሠራው ሸማኔ ግን ዋጋውን አልተወልኝም፤ ሊተውልኝም አይገባም።

ስለዚህ አሁን እንዲህ ነው የማሰላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። የቀሚሱ ዋጋ 8,000 ብር ነው እንበል። በአንደኛው መንገድ መላኪያው 300 ብር ነው፤ ግን ከ20 አንዱ ይጠፋል፤ ሲጠፋ የሚከፍል የለም። 8,000ን ለ20 አካፍሉት። 400 ብር ይመጣል። ይህ በእያንዳንዱ ቀሚስ ላይ የተደበቀ ወጪ ነው። እውነተኛው መላኪያ 700 ብር ሆነ ማለት ነው። ሌላኛው መንገድ 500 ብር ጠይቆ ዕቃውን መዝግቦ የሚቀበል ከሆነ እሱ ነው ርካሹ። ዕቃው የ400 ብር ሽሮ ቢሆን ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የጠፋው ሽሮ በእያንዳንዱ ጭነት ላይ የሚጨምረው 20 ብር ብቻ ነው። ያኔ 300ው ይሻላል።

የራሳችሁን የጠፋ ዕቃ ቁጠሩ። ደብተር ላይ ጻፉት። እኔ አንድ ዓመት ከጻፍሁ በኋላ ነው ዓይኔ የተገለጠው።

አገር ውስጥ ስትልኩ

ጎንደርና አዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ባሕር ዳር ግን ቅርብ ናት፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ።

አውቶቡስ ለከባድና ርካሽ ዕቃ ተወዳዳሪ የለውም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በማዳበሪያ የታሰረ ነገር ሁሉ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ቶሎ ይደርሳል። ችግሩ መንገድ ሲዘጋ ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። መኪናው በመካከል ከተማ ይቆማል፤ ዕቃችሁም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የቀን ቀጠሮ ያለበትን ዕቃ፣ ለምሳሌ የሠርግ ልብስ፣ በአውቶቡስ አትላኩ። የምትልኩ ከሆነ የመኪናውን ሰሌዳ ፎቶ አንሱ። ደረሰኝ ጠይቁ። የዕቃው ዓይነትና ዋጋው ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ፎቶውን ወዲያው ለተቀባዩ ላኩ። ማዳበሪያውን በስኮች ብቻ አትዝጉት፤ አፉን በመርፌ ስፉት። ስኮች ተልጦ ይለጠፋል። ስፌት ከተፈታ ግን ያስታውቃል።

ፖስታ ቤት ለቀሚስ፣ ለነጠላ፣ ለጌጣጌጥ ጥሩ ነው። ዕቃው ይመዘገባል፣ የመከታተያ ቁጥር ይሰጣል። አንድ ነገር ግን እወቁ። አገራችን ውስጥ ፖስታ ለብዙ ዘመን ይደርስ የነበረው ፖስታ ሣጥን ላይ እንጂ ቤት በር ላይ አልነበረም። ስለዚህ የተቀባዩን ስልክ በጉልህ ጻፉ። ሁለት ስልክ ከሆነ የበለጠ ይሻላል። ኢ.ኤም.ኤስ የሚባለው ፈጣኑ አገልግሎት ደግሞ ይወደዳል፤ ግን በየደረጃው ይመዘገባል። ለሠርግ ልብስ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

አውሮፕላን ከአዘዞ፣ ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ እስከ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ በረራ ነው። መንገድ ሲዘጋጋ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። ፈጣን ነው። ግን አየር ጭነት ክብደትን ብቻ አይመዝንም፤ ስፋትንም ይመዝናል። መሶብ የምትሰፉ ቀጥሎ ያለውን በደንብ አንብቡ።

መሶቡ 3 ኪሎ ነው፤ የተጠየቀው ክፍያ ግን ለ24 ኪሎ

አንዲት ጎረቤቴ ከነክዳኑ የተሠራ መሶብ ወደ ውጭ አገር ልትልክ ፈለገች። 3 ኪሎ አይሞላም። ሳጥኑ 45 በ45 በ60 ሳንቲ ሜትር ነበር። ዓለም አቀፍ የግል ፈጣን አመላላሾች ርዝመት፣ ወርድና ቁመት አባዝተው ለ5,000 ያካፍላሉ። 45 በ45 በ60 ሲባዛ 121,500 ይሆናል። ለ5,000 ሲካፈል 24.3 ኪሎ። ከሚዛኑና ከዚህ ቁጥር በሚበልጠው ነው የሚያስከፍሉት። ጎረቤቴ ለ3 ኪሎ ስንዴዶና አክርማ፣ ለ21 ኪሎ ደግሞ ለባዶ አየር ልትከፍል ነበር። ተራው የአየር ጭነት አብዛኛውን ጊዜ ለ6,000 ያካፍላል። እሱም ቢሆን 20 ኪሎ ከ250 ግራም ይወጣዋል።

ተራው የፖስታ ፓርሰል የሚታሰበው በሚዛኑ ነው። ለመሶብ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። መጠኑ ግን ገደብ አለው። ርዝመቱንና የወገቡን ዙሪያ ደምሩ። የእሷ ሳጥን 60 ሲደመር 180፣ ማለትም 2 ሜትር ከ40 ነው። አንዳንድ አገር እስከ 3 ሜትር ይቀበላል። አንዳንዱ ግን 2 ሜትር ላይ ያቆማል። ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት የተቀባዩን አገር ገደብ ፖስታ ቤት ጠይቁ። ጎረቤቴ በመጨረሻ ያደረገችው ብልህ ነገር ነው። ለውጭ ደንበኞቿ የምትሰፋውን ክዳኑና እግሩ ተለያይቶ አንዱ በአንዱ ውስጥ እንዲገባ አድርጋ መስፋት ጀመረች። ሳጥኑ በግማሽ አነሰ።

መሶቡ ባዶ ሆኖ አይሂድ። ሆዱ ውስጥ ነጠላ አስገቡ። በሚዛን ትንሽ ይጨምራል፤ በሳጥኑ ስፋት ላይ ግን ምንም አይጨምርም።

የወለቃ ሸክላን በተመለከተ አጭር ነኝ። ትንንሾቹን ብቻ ላኩ። እያንዳንዱን ለየብቻ በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር እንዳይነካካ ዙሪያውን በጋዜጣ ሙሉ። ትልቅ ጀበና ግን የሚሰበረው ሲቆጠር አትራፊ አይደለም።

ወደ ውጭ፦ የተቀየረው ደንብ የትኛው ነው?

"ፖስታ ተወደደ" የሚለውን ሁላችንም እንላለን። ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። ማወቁ ይጠቅማል፤ አንዳንዱን ልንቀንሰው እንችላለንና።

አንደኛው የብር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። አገሮች በመካከላቸው የፖስታ ሒሳብ የሚተሳሰቡት በብር አይደለም። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ መወደዱ አይቀርም። ለዚህ ያለው መላ አንድ ነው፤ ለውጭ ደንበኛ ዋጋውንም መላኪያውንም ከውጭ ገንዘብ ጋር አያይዛችሁ ተምኑለት።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። ኢትዮጵያ ፖስታን በ1886 በአፄ ምኒልክ ጀመረች፤ በ1901 ደግሞ የዓለም አቀፍ ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የኅብረቱ መቀመጫ ስዊዘርላንድ፣ በርን ነው። እዚያ የሚወጣ ደንብ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለች አንዲት ጥልፍ ሠሪ ቤት ድረስ ይመጣል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ጀምሮ ዕቃ የያዘ ጥቅል ሁሉ መረጃው ቀድሞ በኮምፒውተር ለተቀባዩ አገር መላክ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህን በየካቲት 2015 ይበልጥ አጠበቁት። ድሮ በእጅ "ልብስ" ብለን ጽፈን የምናልፈው ቅጽ አሁን አያልፍም። ጥቅሉ ይመለሳል፣ ወይም እዚያው ይቀራል።

ሦስተኛው ቀረጥ ነው። ይህኛው ነው ብዙዎቻችሁን ያስደነገጠው። አውሮፓ ከ22 ዩሮ በታች ለሆነ ዕቃ የነበረውን የቫት ነፃነት ሰኔ 24 ቀን 2013 አነሳ። ከዚያ ወዲህ ለሽያጭ የሚገባ ዕቃ ትንሽም ቢሆን ቫት አለበት። አሜሪካ ደግሞ እስከ 800 ዶላር ድረስ ያለ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር። ነሐሴ 23 ቀን 2017 ይህን አገደች። በዚያ ሰሞን 88 የፖስታ ድርጅቶች ወደ አሜሪካ መላክን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ አቁመው እንደነበር የዓለም አቀፉ ፖስታ ኅብረት ተናግሯል። ቀረጡን አስቀድሞ የሚሰበስብላቸው ሥርዓት ስላልነበራቸው ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ የወጣችው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ነው። ፋብሪካዎች ያን ጊዜ ተጎዱ። እኛ ቤት ውስጥ የምንሠራው ግን አልተሰማንም፤ አንድ ሁለት ቀሚስ ከ800 ዶላር በታች ስለሆነ በነፃ ይገባ ነበር። ያ ጥላ ነው አሁን የተነሳው። ስለዚህ ለአሜሪካ ደንበኛ ዋጋ ስትነግሩ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ዕቃው ከደረሰ በኋላ "ተጨማሪ ክፈይ" የተባለች ደንበኛ ሁለተኛ አትመጣም።

"ስጦታ ብለን ብንጽፈውስ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነተኛ ስጦታ ከሆነ መብታችሁ ነው። ወደ አሜሪካ እስከ 100 ዶላር፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት እስከ 45 ዩሮ፣ ወደ እንግሊዝ እስከ 39 ፓውንድ ድረስ ከሰው ለሰው የሚላክ ስጦታ የተለየ አያያዝ አለው። የሸጣችሁትን ግን ስጦታ አትበሉ። ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዕቃው ቢጠፋ ካሣ የሚታሰበው በጻፋችሁት ዋጋ ነው። 20 ዶላር ብላችሁ የጻፋችሁትን የ150 ዶላር ቀሚስ ማን ይከፍላችኋል?

ቅጹን እንዲህ ሙሉት

በአማርኛ ብቻ አትጻፉ፤ የተቀባዩ አገር የሚያነበው በላቲን ፊደል የተጻፈውን ነው። "ልብስ" አትበሉ። "የሴት ቀሚስ፣ ከጥጥ የተሸመነ፣ የእጅ ጥልፍ ያለው" በሉ። ቀጥሎ ባለ ስድስት አሃዙን የጉምሩክ መለያ ቁጥር ጻፉ። ከጥጥ የተሸመነ የሴት ቀሚስ 6204.42 ነው። የተፈጨ በርበሬ 0904.22 ነው። ከሣር የተሰፋ ነገር በ4602 ሥር ይገባል። የእናንተን ቁጥር አንዴ ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ ከዚያ ሁልጊዜ እሱው ነው።

የተሠራበት አገር የሚለውን ባዶ አትተዉ። ቀረጡ የሚታሰበው ከየት ተላከ በሚለው ሳይሆን የት ተሠራ በሚለው ነው። በአሁኑ ጊዜ ገበያው ከቻይና በመጣ ባለ ሀበሻ ንድፍ ጨርቅ ተሞልቷል። የእናንተ የሸማኔ ሥራ ከሆነ ኢትዮጵያ ብላችሁ ጻፉ፤ ደንበኛውም የሚፈልገው እሱን ነው።

ቅጹ ላይ ተቀባይ ካልተገኘ ምን ይደረግ የሚል ሣጥን አለ። ብዙ ሰው አያየውም። "ይመለስ" ካላችሁ የመመለሻው ወጪ የእናንተ ነው። ርካሽ ዕቃ ከሆነ እዚያው ይቅር ማለት ይሻላል። ቀሚስ ከሆነ ይመለስ።

የመከታተያ ቁጥሩ 13 ምልክት አለው። ሁለት የላቲን ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ ከዚያ የአገሩ ሁለት ፊደል። በምዝገባ የተላከ በ"አር" ይጀምራል፤ ኢ.ኤም.ኤስ በ"ኢ"። ዘጠነኛው አሃዝ ከፊተኞቹ ስምንቱ ተሰልቶ የሚወጣ ማረጋገጫ ነው። አንድ አሃዝ ከሳታችሁ ቁጥሩ አይገኝም። ስለዚህ በእጅ አትገልብጡት፤ ደረሰኙን ፎቶ አንሱ።

ቢጠፋስ?

በዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ በምዝገባ የተላከ አነስተኛ ጥቅል ከጠፋ ካሣው እስከ 30 ኤስ.ዲ.አር ነው፤ ኤስ.ዲ.አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ) የሒሳብ መለኪያ ነው። ወደ 40 ዶላር ገደማ በሉት። ፓርሰል ከሆነ 40 ኤስ.ዲ.አር ሲደመር በኪሎ 4.50 ነው። የ5 ኪሎ ፓርሰል 62.50 ኤስ.ዲ.አር ይሆናል። ጥያቄ ማቅረብ የሚቻለው ከተላከ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ነው። ከዚህ የምትረዱት፣ ከ40 ዶላር በላይ የሚያወጣ ቀሚስ በምዝገባ ብቻ ሲሄድ ቀሪው ኪሣራ በእናንተ ትከሻ ላይ ነው። ኢንሹራንስ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ውዱን ቀሚስ ከርካሹ ጋር አንድ ጥቅል ውስጥ አትክተቱ።

መንገደኛ

እስካሁን ብዙዎቻችን የምንልከው በዚህ ነው። ዘመድ ሲሄድ ሻንጣው ውስጥ ትንሽ ቦታ እንለምናለን። ለበርበሬና ለሽሮ ጥሩ ነው። ግን አክብሮት ይፈልጋል። ያሸጋችሁትን ዕቃ ለሰው አትስጡ፤ ክፍቱን ሰጥታችሁ ፊቱ እሸጉት። አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቅቤና ቋንጣ ወደ አውሮፓ አይገባም፤ በሻንጣም በፖስታም። ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ለንግድ የሚሆን ብዛት ደግሞ በመንገደኛ አትላኩ። አሥር ቀሚስ ይዛ የተገኘች እህት ለእናንተ ስትል ልትቀጣ ትችላለች።

አንድ ለጎንደር ሰው የሚሆን ነገር ልጨምር። መስቀል፣ የብራና ሥራ፣ አሮጌ የሚመስል የእንጨት ዕቃ የምትሸጡ ካላችሁ፣ አዲስ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ መሥሪያ ቤት ሳትይዙ አትላኩ። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የጉምሩክ ሠራተኛው ትናንት የተቀረጸውን ከጥንቱ በዓይን አይለይም፤ መያዙ ተገቢ ነው።

እኔ ብሆን

ከ2 ኪሎ በታች የሆነ ቀሚስ ወደ ውጭ ከሆነ፣ በምዝገባ አነስተኛ ጥቅል። ቀን የተቆረጠለት ወይም ውድ ከሆነ ኢ.ኤም.ኤስ። መሶብ በፖስታ ፓርሰል፤ በግል ፈጣን አመላላሽ በፍጹም። የግል አመላላሹን ለትንሽ፣ ውድና አስቸኳይ ዕቃ ብቻ እይዘዋለሁ፤ ለምሳሌ የብር ጌጥ። ለአዲስ አበባ ቅመም አውቶቡስ፣ በደረሰኝ። ለአዲስ አበባ የሠርግ ልብስ ፖስታ ቤት ወይም አውሮፕላን። ገንዘቡን ደግሞ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት በቴሌብር ወይም በባንክ እቀበላለሁ። ዕቃ ሲደርስ ክፈይ የምለው ለማውቃት ደንበኛ ብቻ ነው።

ስለ ጊዜውም አስቡበት። ውጭ ያሉ ልጆቻችን ለጥምቀት ቀሚስ የሚያዙት ከኅዳር ጀምሮ ነው። የእኛ ታኅሣሥ ደግሞ ፈረንጆቹ ገናቸውን የሚያከብሩበት፣ የዓለም ፖስታ የሚጨናነቅበት ወር ነው። ጥር 11 ቀን የሚለበስ ቀሚስ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ብትልኩት መንገድ ላይ ነው ጥምቀትን የሚያከብረው። ስለዚህ እኔ ለጥምቀት የምቀበለው የውጭ ትዕዛዝ ኅዳር ሳይገባ፣ ጥቅምት 30 ላይ ይዘጋል። ጥልፉ ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ ኅዳር ሳያልቅ ፒያሳ ሚዛኑ ላይ መሆን አለበት።